ባለቤት ማነው?

ጥቅምት 4

ለውዷ የአክስቴ ልጅ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ የሚያምሽ ወገብሽስ እንዴት ነው? እኛ ከቤት ኪራይ በስተቀር ምንም አላመመንም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ባለቤቴም ልጆቹም ሰላም ብለውሻል። ትንሹ «ቸኮሌት የምትልከው አክስቴ» እያለ ነው የሚጠራሽ፤ እኔ ብቆጣውም አልተወም።

ነገሩን በተራ በተራ ልጻፍልሽ። ታውቂኛለሽ፣ በተራ ካልሆነ ይጠፋብኛል።

አንደኛ፣ አከራያችን እንደገና ጨመረች። ምን አድርገን ነው ብላት፣ «ልጆቹ አድገዋል፣ ደረጃዬን አብዝተው እየረገጡት ነው» አለችኝ። ልጅ እንዳያድግ ምን ይደረጋል?

ሁለተኛ፣ ከከተማው ዳር፣ ድሮ ጡብ ይሠራበት በነበረው ሜዳ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ቤቶች እየተሠሩ ነው። እንደኛ ላለ ሰው ነው የሚሸጡት። ዱሮ ባንክ ለቤት መግዣ የሚያበድረው ሌላ ቤት ለሚያሲዝ ሰው ነበር፤ ቤት ቢኖረኝማ ምን ልሁን ብዬ እበደራለሁ? አሁን ግን ያንኑ የምትገዢውን ቤት ይዞ ያበድርሻል። ሃያ ዓመት እየከፈልሽ ትኖሪበታለሽ። የወሩ ክፍያ ለአከራያችን ከምሰጣት ብዙ አይርቅም።

ሦስተኛ፣ ቤቱ ሁለት ዓይነት ነው፦ ባለ አንድ መኝታና ባለ ሁለት መኝታ። እኛ ስድስት ነፍስ ስለሆንን ባለ ሁለቱን ነው ያየሁት። ሁለተኛዋ መኝታ ጠበብ ትላለች፣ ግን መስኮት አላት።

አራተኛ ቅድመ ክፍያው ነው። ይሄን ቁጥር ለመጻፍ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ። ከአውቶቡስ ጋራዡ ደሞዜ የቆጠብኩትና ባለቤቴ ዩኒፎርም እየሰፋች ያስቀመጠችው ተደምሮ ግማሹን ይሞላል። ግማሹ ይጎድላል። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አንቺ አዋቂ ነሽ።

አምስተኛ፣ ከደገፍሽን ቤቱ ያንቺ ነው። እኛ ጠባቂ ነን። ይሄን እንዲያው ለወጉ አይደለም የምልሽ።

ሰላምሽ ይብዛ።
ወንድምሽ


ኅዳር 8

ለወንድሜ ለዝርዝር፣

አንተም ሚስትህም ልጆቹም ደህና ከርማችሁልኛል? ጋራዥ ውስጥ «ዝርዝር» ብሎ ስም ያወጣልህን ሰው ባገኘው እስመዋለሁ። ለካ የመኪና ዕቃ ስትቆጥር ብቻ ሳይሆን ስትለምንም በተራ ቁጥር ነው። የሚገርመው ዝርዝር ገንዘብ ኪስህ ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደነበረ ነው። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ስለሆነ ዝናብ ይዝነብ ፀሐይ ይውጣ የማውቀው ከሥራ ስወጣ ነው። አንሶላው ከማድረቂያው ገና ትኩስ ሆኖ ይመጣልኛል፣ እኔ አጥፋለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኝታ ሳጥፍ ውዬ ማታ ወደኔዋ እሄዳለሁ። አንድ ክፍል ለሦስት ነን፤ አንዷ ታንኮራፋለች፣ አንዷ በስልክ ትጣላለች፣ እኔ መሀል ነኝ።

ገንዘቡን ልኬልሃለሁ። ጎደለ ያልከውን ሙሉውን ነው፣ አንድ ላይ።

ቤቱ ያንቺ ነው ያልከውን አይቻለሁ። ስለሱ ሌላ ጊዜ እናወራለን። ይልቅ ያቺ ጠበብ ትላለች ያልካት መኝታ መስኮቷ ወዴት ነው የሚያየው? ጠዋት ፀሐይ ይገባባታል? አንድ አልጋና አንድ ቁም ሳጥን ትችላለች? ለማወቅ ያህል ነው።

ልጆቹን ሳምልኝ።
እህትህ


ጥር 2

ለውድ እህቴ፣

ፈጣሪ እጅሽን አያሳጥረው። ገንዘቡ ደርሷል፣ ባንክ ገብቷል።

አንደኛ፣ የጠየቅሽኝን ላስቀድም። መስኮቷ ወደ ምሥራቅ ነው። ራሴ ሄጄ አየሁ። አልጋ ይገባ እንደሆነ ልለካ ብዬ ሲሚንቶው ላይ ብጋደም ዘበኛው የሞትኩ መስሎት እየሮጠ መጣ። ይገባል። ቁም ሳጥኑም ይገባል፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ካልሆነ በቀር።

ሁለተኛ፣ አንድ ጉድ ገጥሞኛል። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የብድር ክፍሏ ልጅ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ፣ በሁለት እጇ ኮምፒውተር እየመታች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ነው የምትጠይቀኝ። ስሜን ነገርኳት፣ ሥራዬን ነገርኳት፣ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ። ከዚያ «ባለቤት?» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ሌቱን ስገላበጥ ያደርኩት በዚሁ በቤቱ ነገር ነው። የማን ይባል፣ ለአንቺ የገባሁት ቃል እንዴት ይሁን እያልኩ። አላመነታሁም፣ ያንቺን ስም ነገርኳት።

«የት ናቸው?» አለች።

«ውጭ አገር ናት።»

«ሥራ አላቸው?»

«ሆቴል ናት። ቅድመ ክፍያውንም የላከችው እሷ ናት።»

«ልጆች?»

«አራት።»

«ሁሉም እርስዎ ጋ ናቸው?»

«ታዲያ ማን ጋ ይሆናሉ?»

ይሄኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ራራ። አራት ልጅ ብቻዎን ማሳደግ እንዴት ይከብድ አለችኝ። እኔም ከባድ ነው፣ በተለይ የጫማው ነገር አልኳት። እንግዲህ «ብቻዎን» ያለችውን በደንብ ብሰማው ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩልሽ።

ወረቀቱ ባለፈው ሳምንት መጣ። ብድሩ ተፈቅዷል፣ ባለ ሁለት መኝታ። ከስሜ ሥር «ባለቤት» ይልና ያንቺ ስም አለ። ባንኩ አጋብቶናል።

ባለቤቴ የልብስ ስፌት መኪናዋ በሩ አጠገብ ስለሆነ ቀድማኝ ተቀብላ አነበበችው። አጥፋ ሰጠችኝና ሥራዋን ቀጠለች። እራት ላይ ነው የተናገረችው፦ «ሃያ ዓመት ሙሉ ባለቤቴ ስትለኝ የምን ባለቤት እንደሆንኩ ሳልጠይቅህ ኖርኩ።»

የሆነውን አስረዳኋት። ልጆቹ ተንከተከቱ፤ ትልቋማ እንኳን ደስ አለህ ብላ ጨበጠችኝ። እሷም ሳቀች፤ ግን ሳቋ ከኛ ቀድሞ አለቀ። ለአንቺ «ቤቱ ያንቺ ነው» ብዬ መጻፌን አልነገርኳትም ነበርና። ያን ማታ ነገርኳት። ተነሥታ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ ባትሰድበኝ ነው የከፋኝ።

ሦስተኛ፣ ላሳርም ተመልሼ ሄጄ ነበር። ልጅቷ ስታውቅ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ካረምኩት የሚቀረው የእርስዎ ደሞዝ ብቻ ነው። እመቤትዎ የደሞዝ ወረቀት የላቸውም፤ ቤት ውስጥ የሚሰፋ ልብስ ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ባለ ሁለቱ መኝታ የተፈቀደው በውጭው ደሞዝ ነው። እህትዎ አንድ ፊርማ ቢልኩ ማን ያውቃል?»

የስምምነት ወረቀቱ አብሮ ተልኮልሻል። ፈርሚ አልልሽም። አትፈርሚም አልልሽም። እስከ የካቲት መጨረሻ ካልተመለሰ ተራው ለሌላ ሰው ያልፋል። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 3

ለተከበርከው ባለቤቴ፣

ትዳራችን እንዴት ይዞሃል? ሳልጠየቅ መዳሬ ሳያንሰኝ አራት ልጅ ወለድኩ፣ ያውም በዚህ ወገብ። አብረውኝ ላሉት ሴቶች ስነግራቸው የምታንኮራፋዋ ሳቋን መግታት አቅቷት እንባዋ ወረደ። በስልክ የምትጣላዋ ደግሞ ባልሽ ውጭ ወጥተሽ እንዲህ ስትሠሪ አይልክልሽም ወይ ብላ ተቆጣችልኝ።

ሳቁን እዚህ ላይ ላቁመው። አልፈርምም።

ፈርቼ እንዳይመስልህ። አስበው እስቲ። አንተ ክፉ ነገር ቢያገኝህ፣ አያምጣው፣ ያቺ ሴት በመርፌ ጠቅ ጠቅ አድርጋ አብራህ ግማሹን ከሞላችው ቤት ከነልጆቿ የምትወጣው በኔ ፊርማ ነው። አላደርገውም እልህ ይሆናል። ሰው ሲቸግረው ምን እንደሚያደርግ ግን አታውቅም፤ እኔም ስለ ራሴ አላውቅም።

ቤቱ ያንቺ ነው ላልከኝ መልሴ ይኸው፦ የኔ አይደለም። የላክሁት ስጦታ ነው። ይሄን ለብቻው በወረቀት ጽፌ ፈርሜበት አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ለባንኩ አሳያቸው።

ሚስትህን ይዘህ ሂድ። አንተ አፍህን ዝጋ፣ እሷ ትናገር። ስፌት ሥራ አይደለም የሚሉ ከሆነ ራቁታቸውን ሥራ ይግቡ።

ጠባቧ ክፍል ፀሐይ መውጫ በኩል መሆኗ ደስ ብሎኛል።

ሌላው፣ ለጊዜው ለልጆቹ የምልከው ሊዘገይ ይችላል። የሥራ ሰዓት ማስተካከያ ነገር ነው፣ አትጨነቅ። አድራሻዬም ተቀይሯል፣ ከፖስታው ጀርባ አለልህ።

እህትህ፣ የቀድሞ ሚስትህ


የካቲት 29

ለውድ እህቴ፣

ደህና ነሽ ወይ? አትጨነቅ ስትዪኝ ነው አብዝቼ የምጨነቀው። የምን ሰዓት ማስተካከያ ነው? አድራሻሽስ ለምን ተቀየረ? በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ሁለቱንም መልሺልኝ።

እንዳልሽው አደረግን።

አንደኛ፣ የጋብቻ ወረቀት አምጡ አሉን። እኛ ደግሞ ስንጋባ ዘመድ እንጂ ወረቀት አልጠራንም። ሁለት መካኒኮች ለምስክርነት ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ፤ ከነቱታቸው ነበሩ። በተጋባን በሃያ ዓመታችን ተዳርን። አንዱ መካኒክ ሙሽራዋ ይቺ ለመሆኗ እርግጠኛ ነህ ወይ፣ እንደ ባለፈው እንዳይሆን እያለ ሲያላግጥብኝ ዋለ። ወሬው ጋራዥ ገብቷል።

ሁለተኛ፣ ባንክ ሄድን። ባለቤቴ የቁጠባ ደብተሯንና ዩኒፎርም የምትሰፋላቸው የሁለት ትምህርት ቤቶችን ወረቀት በፌስታል ይዛለች። ልጅቷ ከሥራ አስኪያጁ ጋር አቀመጠችን። እሱ ጨዋ ሰው ነው። ጥያቄውን ሲጀምር አየት አደረገኝና ፈገግ አለ፤ ከዚያ ወደሷ ዞሮ «ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አላት።

«እኔ ነኝ» አለችው። «የሱም፣ የቤቱም።»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። የጠረጴዛውን እግር ነው ያየሁት።

ሦስተኛ፣ ለካ የደሞዝ ወረቀት ለሌላቸው ሰዎች አዲስ መመሪያ ወጥቷል። በየወሩ ሳያቋርጥ ያስቀመጠ ሰው ገቢ እንዳለው ይቆጠርለታል። ልጅቷ አላወቀችውም ነበር፣ ሥራ አስኪያጁ ነው የነገራት። ግን ሙሉውን አይቆጥሩም፣ ግማሹን ብቻ ነው። ለምን ግማሹን ብዬ ጠየቅሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዩኒፎርም ስለማይሰፋ አለኝ። እውነቱን ነው።

አራተኛ፣ የስጦታ ወረቀትሽን ተቀብለውታል።

አምስተኛ፣ ቤቱ በሁለታችን ስም ሆነ።

ስድስተኛ። ይሄ አንደኛ መሆን ነበረበት፤ ፈርቼ ነው ወደ ታች ያወረድኩት። የተፈቀደልን ባለ አንድ መኝታው ነው። ጠባቧ ክፍል የለችም።

ቅድመ ክፍያው ስለቀነሰ ከላክሽው ተርፏል። በስምሽ አስቀምጬዋለሁ፣ አልነካውም። ምን እንደምልሽ አላውቅም። አንቺ ስለዚያች ክፍል ለማወቅ ያህል ነው ብለሽ ነበር፤ እኔም ለማወቅ ያህል ነው ብዬ እንዳመንኩሽ አስመሰልኩ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 12

ለእህቴ፣

መልስሽ አልመጣም። ደብዳቤው ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው። ወይ ታመሽ ይሆናል። ወይ ተቀይመሽኝ ይሆናል። ከሦስቱ መጀመሪያው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ገብተናል። አራተኛ ፎቅ ነን። ቀለሙ ገና ይሸታል፣ ውሃው አንድ ቀን አለ አንድ ቀን የለም፣ ሊፍት የለውም። ትንሹ በየፎቁ ደረጃ ላይ እየቆመ ይሄ የኛ ነው ወይ ይለኛል። የሁላችንም ነው እለዋለሁ፤ አይገባውም።

ዕቃውን አስገብተን ስንጨርስ አንድ ወንበር ተረፈን፣ ማንም አይቀመጥበትም። ይሄን ለምን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም። ደህና መሆንሽን ብቻ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 6

ለወንድሜ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። አዲስ ቤት ነውና የደስታ፣ የጤና ያድርግላችሁ።

ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ያልመለስኩት አኩርፌ ነው። ታመምኩ ልልህ ነበር፣ ደበረኝ።

የሰዓት ማስተካከያ ያልኩህ ውሸት ነው። ሆቴሉ አንሶላውን በትልልቅ መኪና እየጫነ ለሚወስድ ድርጅት ሰጠውና ምድር ቤቱን ጥር ላይ ዘጋው። የስምምነት ወረቀትህ ሲደርሰኝ ሥራ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ሲገኝ እሠራለሁ፣ አንድ ቀን ሳይገኝ እቀመጣለሁ። ክፍሉንም ለቅቄ ከምታንኮራፋዋ ሴት እህት ጋር ነኝ። እሷም ታንኮራፋለች።

እውነቱን ልንገርህ። ያን ወረቀት ልፈርም እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። በስሜ ከሆነ ማንም አያስወጣኝም ብዬ። ከዚያ ሚስትህ እራት ላይ ያለችህ ነገር መጣብኝና አስቀመጥኩት። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ እሷ የጠየቀችውን እኔ ስንት ዘመን ራሴን ስጠይቅ ስለኖርኩ ነው። የምን ባለቤት ነኝ?

ጠባቧን ክፍል ግን በሐሳቤ ገብቼባት ነበር። አልጋውን በግድግዳው በኩል አድርጌ፣ ቁም ሳጥኑን እግርጌ አቁሜ። ቤት የሌለው ሰው ዕቃ ሲያዘዋውር ማንም አይሰማውም። የለችም ስትለኝ የተቀማሁ ያህል ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም፤ ሚስትህን ይዘህ ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ። ዛሬም ብትጠይቀኝ ያንኑ እልሃለሁ።

ልመጣ ነው። ሰኔ 20። ለአንድ ሌሊት ካስጠጋችሁኝ በነጋታው የሚከራይ ክፍል እፈልጋለሁ። ያስቀመጥክልኝ ለመነሻ ይሆነኛል። ከፈለግህ ከዚያች ከአከራይህ ጋር አስተዋውቀኝ፤ ብቻዬን ስለሆንኩ ደረጃዋን ብዙ አልረግጥባትም።

እህትህ


ግንቦት 27

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ሁሉም ቤት ነበሩ። «ለአንድ ሌሊት» የሚለው ላይ ስደርስ ባለቤቴ የስፌት መኪናውን አቆመች። «እሱን ሰርዘው» አለችኝ። የሰው ደብዳቤ እንዴት ይሰረዛል ብላት ተነሥታ ቀማችኝና ራሷ ሰረዘችው። ስለዚህ እንዳልጻፍሽው ቁጠሪው።

ቀጥሎ ማን የት ይተኛ የሚለው ጭቅጭቅ መጣ። መሀለኞቹ መንታዎች በረንዳ ላይ እንተኛለን አሉ፤ እናታቸው ብርዱን አስታወሰቻቸው። ትልቋ፣ «አክስቴ ከኔ ጋር ነች፣ መንታዎቹ እንደሆኑ ሌሊት በእንቅልፋቸው ኳስ ይጫወታሉ» አለች። ትንሹ አልጋዬን ለአክስቴ እለቃለሁ ብሎ ሁላችንንም አስገረመን፤ ኋላ ሲጣራ ለቸኮሌት ነው። ብዙ ተጮኸ፣ በር ተወረወረ፣ ከዚያ እንዲህ ሆነ፦

አንደኛ፣ መኝታ ቤቱ እኔ፣ ባለቤቴና ትንሹ።

ሁለተኛ፣ ሳሎኑ በመጋረጃ ለሁለት ይከፈላል። በበሩ በኩል መንታዎቹ።

ሦስተኛ፣ በመስኮቱ በኩል አንቺና ትልቋ። አልጋ ሳይሆን ፍራሽ ነው፣ ቦታ አይበቃም። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ ፀሐይ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። እንዳትታለዪ ብዬ ነው የጻፍኩት።

አራተኛ፣ የስፌት መኪናው በረንዳ ወጥቷል፣ በቆርቆሮ ከልዬዋለሁ። ባለቤቴ አንቺ አንሶላ ማጠፍ ካወቅሽ ዩኒፎርም መተኮስ አያቅትሽም ትላለች። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ብቻዋን አትችለውም። ስለ ክፍያው ከሷ ጋር ተነጋገሪ፤ እኔ አፌን ዝጋ ተብያለሁ።

እኔ ይሄ ሁሉ ይጠባል፣ ትሰለቻለች፣ ትቀየማለች ብዬ ስዘረዝር፣ ባለቤቴ መልሳ ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦ «ይጠባል። ይጥበብ። ጠባብ ቤት ውስጥ ቦታ የማይኖረው እንግዳ እንጂ ቤተኛ አይደለም።»

አሁን አንድ ነገር ቸግሯታል። ፍራሹን በልክሽ ልታስቆርጥ፣ ልብሱንም ልትሰፋለት ነው። ቁመቷ ስንት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እስከ ትከሻዬ ትደርሳለች አልኳት። ከሄደች ስንት ዘመኗ፣ አንተም ትከሻህ እዚያው አልቆየም አለችኝ። በግምት አልቆርጥም ብላለች።

ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው፣ እስክትልኪ አይነሣም። ልጆቹ መሬት ላይ ነው እራት የሚበሉት። ቁመትሽን ቶሎ ጻፊ።

ወንድምሽ